አክተሩ አይሞትም

ሰው ሲስቅ የሚከፋኝ ሰው አይደለሁም። ግን አያት አደባባይ አካባቢ ከቢልቦርድ ላይ ሆኖ ሌት ተቀን የሚስቅብን ያ ልጅ ምን አግኝቶ ነው? አንዱ ጥርሱ ብቻ የቤቴን በር ያክላል። ዘንድሮ አፓርታማ ይሸጣል። አምና የታሸገ ውኃ ይሸጥ ነበር። ካቻምና በወጣው ፊልሙ የሀብታም ልጅ ሆኖ፣ ድኻ መስሎ፣ አንዲት ቆንጆ አታለለ። ከዚያ በፊት በነበረው ደግሞ የድኻ ልጅ ሆኖ፣ ሀብታም መስሎ፣ ያቺኑ ቆንጆ አታለለ። እሷም አትማርም! ልጁ ሲያፈቅርም፣ ሲያለቅስም፣ ባለ ሦስት መኝታ ሲሸጥም ፊቱ ያው ነው፤ አንዲት ቅንድቡን ከፍ ያደርግና ይጨርሳል።

ስሙን አልጠራም። ሐሜት ይሆንብኛል ብዬ ሳይሆን፣ ብጠራው እኔም በነጻ ማስታወቂያ ሠራሁለት ማለት ስለሆነ ነው። ደግሞስ አንድ እሱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? ጸጉሩን ብትለውጡለት ሌላኛው ነው፤ መነጽሩን ብታወልቁለት ሦስተኛው።

«አባባ፣ እሱ እኮ ኮከብ ነው» ትለኛለች የልጅ ልጄ።

«ምን ሠርቶ?»

«እንዴ! ሰው ሁሉ ያውቀዋል እኮ!»

ምን እንደ ሠራ ጠየቅኋት፤ ማን እንደሚያውቀው ነገረችኝ።

እኔ በበኩሌ ኮከብ የምለው ወጋየሁ ንጋቱን ነው። ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ፣ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ ቤታችን ውስጥ ሳል እንኳ ክልክል ነበር። ፊታውራሪ መሸሻን ሆኖ ሲቆጣ ባለቤቴ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ጉዱ ካሣን ሆኖ ሲናገር እኔ ዞር ብዬ በሩን አያለሁ፣ ሰውየው የገባ መስሎኝ። በሬዲዮ ነው እንግዲህ። ፖስተር የለ፣ ጥርስ የለ፣ ማታ የሚደረግ የፀሐይ መነጽር የለ። የዛሬዎቹን ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ ብሰማቸው ማንኛው ማን እንደሆነ ለመለየት መታወቂያ ማስወጣት ይኖርብኛል።

ደበበ እሸቱንም እጨምራለሁ። ሆሊውድ ራሱ እዚህ አገር ድረስ መጥቶ «ሻፍት ኢን አፍሪካ»ን ሲቀርጽ ደበበ ተጫውቶበታል፤ ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከዚያም በኋላ የእኛን መድረክ አልተወም። የዛሬው ልጅ ሆሊውድ መንገድ ጠይቆት ቢሆን ኖሮ በሞንታርቦ እናውቀው ነበር።

ያኔ ቴአትር ልንገባ ስንል የምንጠያየቀው «የማን ነው?» እያልን ነበር። «የጸጋዬ ነው» ከተባለ በቃ፤ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የኋላው ብሔራዊ፣ በሩ ላይ ሰው በሰው ነው። ሰዉ የሚመጣው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ለጻፈው ነገር ነበር። ዛሬ ጥያቄው «ማን አለበት?» ሆኗል። ማን እንደ ጻፈው ማወቅ የፈለገ ሰው ፖስተሩን ከግድግዳው ልጦ ቤቱ ወስዶ በአጉሊ መነጽር መፈለግ አለበት።

ፊልም ጠል ነው እንዳትሉኝ። ጠሎቹ የእኛ አያቶች ነበሩ፤ ሲኒማ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ሲገባ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» አሉት። አልተሳሳቱም፤ አንድ መቶ ዓመት ቸኮሉ እንጂ። እኔማ ኢምፓየርን፣ ሲኒማ ኢትዮጵያን፣ አምባሳደርን፣ የመርካቶዎቹን ራስንና አዲስ ከተማን አውቃቸዋለሁ። አንድ ቃል ሕንድኛ ሳላውቅ «ማዘር ኢንዲያ» ላይ አልቅሻለሁ። «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. ሲወጣ ከሚያወሩት አንዱ ነበርኩ። «ጉማ»ም ከአሥር ዓመት በኋላ መጣ፤ ዛሬ በስሙ ሽልማት ይሰጥበታል። በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት የተከፈተ ጊዜም ልጆቼን ፍለጋ ስገባ ቆሜ እቀር ነበር። የዚያ ቤት ሕግ አንድ ነበር፤ አክተሩ አይሞትም። ጥይቱ ይዘንባል፣ ሕንፃው ይፈርሳል፣ አክተሩ ጃኬቱን አራግፎ ይወጣል። እኛም አምነን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ማንም ግን በማግስቱ ጃኬቱን አልሸጠልንም።

በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ወጣ። በቪዲዮ ካሜራ የተሠራ፣ ስለ ኤች አይ ቪ የሚናገር ፊልም ነበር፤ ሰዉ ሲኒማ ቤቱን ከበበው። ለምን? በየመንደሩ ድንኳን የሚተከልበት ዘመን ነበርና የሚያየው የራሱን ነገር ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ «የወንዶች ጉዳይ» መጥቶ አሳቀን፤ እኔም ስቄያለሁ፣ አልክድም። ችግሩ የመጣው ሳቅ ገንዘብ እንደሚያመጣ የታወቀ ዕለት ነው። ካሜራ መከራየት የቻለ ሁሉ ያንኑ ፊልም በሌላ ስም ሠራው። ታሪኩ አንድ ከሆነ ምን ይሸጣል እንግዲህ? ፊት ነዋ! ፊቱም እንዳያልቅ ተብሎ በየወሩ ያው ፊት ይወጣል።

ፖስተሩን ራቅ ብላችሁ እዩት። መሃል ላይ ልጁ፣ ክንዱን አጣጥፎ። በስተቀኝ የምታለቅስ ሴት፣ በስተግራ ያቺው ሴት ስትስቅ። ከኋላ የሰው መኪና። ከላይ «ልብ አንጠልጣይ፣ አስቂኝ የፍቅር ፊልም»። ልብ ተንጠልጥሎ ሲሳቅ አይቼ አላውቅም፤ በእኔ ዕድሜ እንዲህ ያለው ነገር ሐኪም ቤት ያስኬዳል። ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ «በተመልካች ጥያቄ በድጋሚ» ይላል። ይኼ የሚጠይቀው ተመልካች ማነው? እኔ አልጠየቅሁም። የፎቁ ሰው ሁሉ አልጠየቀም። አይሱዙ ላይ ሞንታርቦ ጭነው በብሎካችን ሥር ሲያልፉ እንደውም «በነዋሪ ጥያቄ ይብቃ» ብዬ በመስኮት ጮኼ ነበር፤ ደስታዬን የገለጽኩ መስሏቸው እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

ቀጥሎ ቃለ መጠይቁ ይመጣል። ኤፍ ኤሙን ስትከፍቱ ጋዜጠኛው «ፊልሙ ምን ያስተምራል?» ይላል። «ብዙ ነገር ያስተምራል።» «ገጸ ባሕሪዋን እንዴት አገኘሻት?» «ከራሴ ጋር በጣም ትመሳሰላለች።» «የምታስተላልፊው መልእክት?» «መጥተው እንዲያዩት።» አበቃ። የኔ እመቤት፣ ገጸ ባሕሪዋ አንቺኑ የምትመስል ከሆነ ትወናው የቱ ጋ ነው? እኔም እኮ ጡረታ ወጥቼ ሶፋ ላይ ስቀመጥ ራሴን በጣም እመስላለሁ፤ የከፈለኝ ግን የለም።

ፍርድ እንዳላጓድል፣ ነገሩ የተጀመረው ከእኛ አይደለም። አሜሪካኖቹ መጀመሪያ ላይ የተዋንያናቸውን ስም ጨርሶ አይናገሩም ነበር። ፍሎረንስ ሎውረንስ የምትባለውን ተዋናይት ሕዝቡ የሚያውቃት በኩባንያው ስም «የባዮግራፍ ልጅ» እየተባለች ነው። ካርል ሌምሌ የሚባል ነጋዴ ወደራሱ ድርጅት ወሰዳት። እ.ኤ.አ. በ1910 በከተማ ባቡር ተገጭታ ሞተች የሚል ወሬ ወጣ። ወዲያው ሌምሌ በጋዜጣ «ጠላቶቻችን የፈጠሩት ውሸት ነው፣ በሕይወት አለች» ብሎ አስነገረ፤ ሴንት ሉዊስ ከተማ ስትታይ ሕዝቡ ሊያያት ተጋፋ። ወሬውን የነዛው ራሱ ሌምሌ ነው ይባላል። ሰውየው ከሁለት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሳል የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። እንግዲህ የመጀመሪያዋ የፊልም ኮከብ የተወለደችው ሞታ ነው።

ዩቲዩብ ላይ ያሉት የእኛ ልጆች ሌምሌን አያውቁትም፤ ግን ሥራውን ሳይማሩ ተክነውታል። የደህና ሰው ፎቶ በጥቁር ይከብቡና «እንባ በእንባ! የመጨረሻ ቃሉ!» ይሉበታል። ደንግጣችሁ ስትከፍቱት ሰውየው ጉንፋን ይዞታል። ጉንፋኑም የአዲሱ ፊልም ምርቃት ሲደርስ ይለቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን በራሴ ሰፈር የደረሰብኝ ነው። የአማርኛ ፊልም ሀብታም ያለ ቪላ አይሆንለትም፤ ስለዚህ ካሜራው እየዞረ እኛ ጋ ይመጣል። አንድ ቀን ከዘራዬን ይዤ ወደ ሱቅ ስወርድ መንገዱ ተዘግቶ፣ ጄኔሬተር እየጮኸ፣ ልጁ በር ላይ ቆሟል። ፀሐይ እንዳይነካው አንድ ሌላ ልጅ ጃንጥላ ይዞለታል። ጃንጥላ ያዡ ራሱ ጠቁሮ አልቋል። አዘጋጁ እኔን ሲያይ ፊቱ በራ።

«አባት፣ በዚህ በኩል ቀስ ብለው ይለፉልን። የሚያልፍ ሽማግሌ እንፈልጋለን።»

ማለፍ ሥራዬ ነው፤ አለፍኩ።

«ይቅርታ አባት፣ ትንሽ አርጀት ብለው።»

«ከዚህ በላይ ካረጀሁ የምትቀርጸው ቀብሬን ነው» አልኩት። እንደገና አለፍኩ። ጎበጥ አልኩ፤ ሳል ጨመርኩበት። እርስ በርሳቸው ተንሾካሾኩና አንዷ ልጅ መጥታ በትህትና «አባት፣ ካሜራው ላይ ሽማግሌ አይመስሉም» አለችኝ። ልብ በሉ፤ ይህን ከዘራ የያዝኩት ለጌጥ አይደለም። በእኔ ፋንታ አንድ ኮበሌ አመጡ፤ ጥጥ ጺም ለጠፉለት፣ የእኔን ከዘራ በውሰት ሰጡት፣ አለፈ። አጨበጨቡለት።

ልጁ ደግሞ በዚያን ቀን የነበረው አረፍተ ነገር አንድ ነው፤ «አንቺን ካጣሁ ኑሮዬ ምንድነው?» ማለት ሲገባው «ኑሮዬን ካጣሁ አንቺ ምንድነሽ?» ይልና ቅንድቡን ያነሳል። ይቆማል፤ ይደገማል። ስልኩ ይጮኻል፤ ይደገማል። በመጨረሻ ሲሳካለት የሰፈሩ ውሻ ጮኸ። ውሻው ግን ሲጮኽ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተም፤ በመጀመሪያው ነው የጨረሰው። ለድካሜ ተብሎ አንድ ጠርሙስ ውኃ ተሰጠኝ። ጠርሙሱ ላይ የማን ፎቶ እንዳለ መገመት አያቅታችሁም።

ፊልሙ ሲወጣ የልጅ ልጄ «አባባ፣ ያለህበት ፊልም እኮ ነው» ብላ ጎትታ ወሰደችኝ። ከከዘራዬ በስተቀር የለሁበትም፤ ቢሆንም ሄድኩ። ፈንዲሻ ከቡና ጋር በነጻ ተበትኖ ላደገ ሰው የሲኒማ ቤቱ ፈንዲሻ ዋጋ ራሱ ልብ አንጠልጣይ ነው። ፊልሙን በቴሌቪዥን ማስታወቂያው ላይ አይቼ ጨርሼው ኖሯል፤ የሚያስቀው ሁሉ እዚያው ነበር። ከማስታወቂያው የተረፈው ነገር ባለ ጥጥ ጺሙ ልጅ ብቻ ነው። በፍርድ ልናገር፦ ከሁሉም የተሻለ የተጫወተው እሱ ነው። ስሙ ግን የትም አልተጻፈም።

ባለቤቴ ከዚህ ሁሉ ተገላገልኩ ትላለች። እሷ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ቃና ቴሌቪዥን ከተከፈተ ወዲህ፣ የቱርክ ዜጋ ሆናለች። «የእነሱ ተዋንያን ሲናገሩ ልብ ይነካሉ» ትላለች። የሚናገረውማ ሐበሻ ነው! ስቱዲዮ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ያንን ጠብደል ቱርክ በአማርኛ የሚያስለቅሰው የእኛው ልጅ ነው። «ስሙ ማነው?» ብዬ ጠየቅኋት፤ አታውቅም። የቱርኩን ስም ግን ከነእናቱ ታውቃለች።

ስም መሸጥ ሁሌ ክፉ ነው አልልም። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስም በርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል፤ የፈረንጅ ጋዜጣ ግን ስለ ፊልሙ ሲጽፍ አንጀሊና ጆሊን ያስቀድም ነበር። እሷ ከኋላ ሆና በፕሮዲውሰርነት ስሟን አበደረች እንጂ ካሜራ ፊት አልቆመችም፤ በፊልሙ ውስጥ ጠበቃ ሆና የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት ናት። እንኳን አበደረች፤ ባታበድር ማን ያይልን ነበር? በሌላ በኩል ኃይሌ ገሪማን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊታቸውን አዞሩበት። ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ሆኖ ሲኒማ ቤት ራሱ እየተከራየ ከከተማ ከተማ አሳየው። ያየ ሰው ላላየ ሰው ነገረ፤ ሰልፉ ተያያዘ። ሞንታርቦ አልጫነም፣ ውኃ አልሸጠም። በኋላም በ«ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞቹን ልዩ ሽልማት ተቀበለ። የእኛ ቢልቦርድ ላይ ግን እስካሁን አላየሁትም፤ ምናልባት ቅንድቡ አይነሳም።

ወደ ቢልቦርዱ ከመጣን እንጨርሰው። ቀድሞ እነዚህ ልጆች ቢራ ይሸጡ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከቢልቦርድ ሲያባርር፣ እኔ እንዳየሁት፣ ወደ ውኃና ወደ ቤት ፈለሱ። ሰፈራችን የካ ነበር፣ ለሚ ኩራ ሆነ፤ ቢልቦርዱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። የቤት አሻሻጡም የተማሩት ከፊልሙ ነው፤ ሥዕል ያሳያሉ፣ «በቅርብ ቀን» ይላሉ፣ ሳያሳዩ ያስከፍላሉ። ልዩነቱ ፊልሙ ቢያንስ በሁለት ሰዓት ያልቃል። የጎረቤቴ ልጅ ያንን ሳቅ አምኖ ቅድሚያ ክፍያ ከፍሏል፤ ዛሬም ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። ልጁ «ቤቴ» እያለ እጁን የዘረጋበት ሳሎን ኮምፒውተር የሣለው ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን ኮከብ አለባት።

ይህንን ሁሉ በሆዴ ይዤ እቀመጥ ነበር፣ ፖስተር ለጣፊዎቹ ዕድራችን ድረስ ባይመጡ። በብሎካችን መግቢያ ላይ የዕድር ማስታወቂያ ሰሌዳ አለን። አንድ ደግ፣ ዝምተኛ ጡረተኛ ጎረቤታችን ያረፉ ጊዜ ጸሐፊው ወረቀቱን ማታ ለጥፎ አደረ። ሌሊት ለጣፊዎቹ መጥተው የልጁን ፖስተር መሃሉ ላይ ደረቡበት። ጠዋት ስንወርድ ከላይ «በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን»፣ ከታች «ቀብሩ ዛሬ በ9 ሰዓት»፣ መሃል ላይ ልጁ ክንዱን አጣጥፎ ይስቃል። አንዲት ተማሪ አይታው ጮኸች። ፎቶ አነሳችው። ረፋዱ ላይ ዩቲዩቡ «እንባ በእንባ» ብሎ ነበር። በ9 ሰዓት የማናውቃቸው ወጣቶች ስልካቸውን ቀጥ አድርገው እያለቀሱ መጡ። በሕይወት ሳሉ ቤታቸውን አንኳኩቶ የማያውቅ ሕዝብ ሽማግሌውን ሸኛቸው። ልጆቻቸው «አባታችን ይህን ያህል ይወደዱ ነበር?» ብለው ሲጠይቁን ምን እንላለን? አዎ አልን። ዕድሩ ያዘጋጀው ንፍሮ አለቀ፤ የተከራየነው ወንበር አልበቃ ብሎ ከሌላ ዕድር ተዋስን። ልጁ በማግስቱ «በሕይወት አለሁ፣ ፊልሜም በተመልካች ጥያቄ በድጋሚ ይታያል» ብሎ ወጣ።

ስለዚህ አቤቱታዬ ይህ ነው። ፖስተር ለጣፊዎች ሆይ፣ ግድግዳውን ውሰዱት፣ የመብራት ምሰሶውንም ውሰዱት፤ የዕድሩን ሰሌዳ ግን ተዉልን። ልጁም ይስማ፤ በደንባችን መሠረት ዕድራችን የሚያለቅሰው ለአባል ብቻ ነው። ገንዘብ ያዡ እሑድ እሑድ ጠዋት ብሎኩ ሥር ይቀመጣል። የመግቢያውን፣ የንፍሮውንና የወንበሩን ኪራይ ይዞ ይምጣ፤ ከዘራዬንም እስካሁን አልመለሱልኝም።